አከራይ «ኪራይህን አልቀበልም» ሲል

ወሩ ሲሞላ እንደ ወትሮዬ ብሩን በፖስታ አድርጌ ወደ ዋናው ቤት ተሻገርኩ። ቡና እየተቆላ ነበር። አከራዬን እትዬ ነበር የምላቸው። ፖስታውን ሳቀርብላቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «ተይው ልጄ፣ ከእንግዲህ ያንቺን ኪራይ አልቀበልም። ቤቱን ፈልጌዋለሁ» አሉኝ። ቡናውን ግን ጠጥተሽ ሂጂ ብለው አስቀመጡኝ።

ፖስታውን ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቅኩት። በሁለተኛው ወር ሌላ ፖስታ ተደረበ። በሦስተኛው ወር ወንድሜ ሆስፒታል ገባና ከአንደኛው ፖስታ ትንሽ አነሳሁ፣ ቆይቶም ከሁለተኛው። በአራተኛው ወር መጥሪያ መጣልኝ። የአራት ወር ኪራይ ስላልከፈለች ያለባትን ከፍላ ቤቱን ታስረክብ ይላል። ችሎት ቆሜ «እምቢ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው» አልኩ። ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመክፈል መሞከርሽን የሚያሳይ ማስረጃ አለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የነበረኝ ሁለት የተጨማደዱ ባዶ ፖስታዎች ብቻ ነበሩ።

ቤቱንም ለቀቅኩ፣ የአራቱንም ወር ተበድሬ ከፈልኩ። ያኔ ያልገባኝ ነገር አንድ ነበር። አከራይ ኪራይ አልቀበልም ማለቱ ተከራዩን ከዕዳው ነፃ አያወጣውም። «አልቀበልም» ማለት «ምሬሃለሁ» ማለት አይደለም። ገንዘቡ የአከራዩ ነው፣ በተከራዩ እጅ ያለ አደራ ነው፣ ቀኑም ይቆጠራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተከራዩ ሥራ ሁለት ነው፦ ገንዘቡን ሳይነኩ መያዝ፣ ለመክፈል መሞከሩንም በወረቀት ማስቀመጥ።

አከራይ ገንዘብ የማይፈልገው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከገንዘቡ በላይ ነው። አንዱ ውልን የማስቀጠል ፍርሃት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የኪራይ ዘመኑ ካለቀ በኋላ ተከራዩ አከራዩ እያወቀ በቤቱ መኖሩን ከቀጠለ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ስለዚህ «ልቀቅ» ያለ አከራይ በማግስቱ ኪራይ ቢቀበል ያለውን ራሱ ያፈረሰ ይመስለዋል። ሌላው ምክንያት ጭማሪ ነው። «በድሮው ዋጋ አልቀበልም» ይላል፣ አዲሱን ዋጋ እስክትቀበሉ ድረስ። ሦስተኛው ግብር ነው። በባንክ የገባ ኪራይ ዱካ አለው፣ የኪራይ ገቢ ግብርም ይከተለዋል። ጥሬ ብር ካልሆነ አልቀበልም የሚለው አከራይ ብዙውን ጊዜ የሚሸሸው ይህንን ነው። አራተኛው ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። ተከራዩን «አልከፈለም» ለማሰኘት ታስቦ የሚደረግ እምቢታ አለ። ኪራይን በጊዜው አለመክፈል ውልን ለማቋረጥ ከበቂም በላይ ምክንያት ነው። አከራዩ ሌላ ምክንያት ሲያጣ ይህንን ሊፈጥር ይሞክራል። እኔ ላይ የሆነው ይህ ይሁን ሌላ ዛሬም አላውቅም፣ ችሎት ላይ ግን ልዩነት አላመጣም።

ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም እምቢታ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ኪራዩ አሥር ሺህ ሆኖ እናንተ ስድስት ሺህ ይዛችሁ ከቀረባችሁ፣ አከራዩ ጎዶሎ ክፍያ አልቀበልም ቢል ሕጉ ከእርሱ ጋር ነው። ስለዚህ ስትሞክሩ ሙሉውን፣ በውሉ ቀን፣ በውሉ መንገድ ሞክሩ። የሚከራከራችሁ ሰው «ሰጥተውኝ ነበር፣ ጎዶሎ ነው» የሚልበት ቀዳዳ አታስቀሩለት።

አሁን ዋናው መንገድ ባንክ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ እንዲከፈል ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ሲወጣ ብዙ ሰው ስለ ግብር ብቻ የወጣ መሰለው። ለተከራይ ግን ትልቅ ጋሻ ነው። በጥሬ ብር ዘመን አከራይ እጁን ነጠላው ውስጥ መክተት ይበቃው ነበር። የባንክ ሒሳብ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድም ገንዘብ ይቀበላል። በውላችሁ ላይ የሒሳብ ቁጥር ካለ፣ «አልቀበልም» ባሏችሁ ዕለት፣ ወይም የክፍያ ቀናችሁ ሲደርስ፣ ሙሉውን ኪራይ ወደዚያው ሒሳብ አስገቡ። ቀድሞ በከፈላችሁበት ሒሳብም ይሆናል፣ የእርሱ መሆኑን የሚያሳይ የቆየ ዝውውር ካላችሁ።

ስትልኩ ምክንያት የሚጻፍባትን ትንሽ ቦታ አትለፏት። «ኪራይ» ብቻ አይበቃም። «የጥር 2017 የቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው ሲከፍል የትኛውን እየከፈለ እንደሆነ የመግለጽ መብት በሕጉ የከፋዩ ነው። ካልገለጻችሁ አከራዩ በኋላ «ያ የመብራት ነበር፣ ያ ያለፈው ዓመት ቀሪ ነበር» ሊል ይችላል። በቴሌብር የምትልኩ ከሆነም የማረጋገጫ መልእክቱን አታጥፉ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ስለዚህ ከባንኩ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ ከውሉ ጋር አስቀምጡ። ጳጉሜንም አስቡ። በብዙ ቤት ኪራይ የሚቆጠረው በአሥራ ሁለት ወር ነው፣ ግን ውላችሁ ምን እንደሚል አይታችሁ ተከተሉት። አምስት ቀን የክርክር ምክንያት ሲሆን አይቻለሁ።

ገንዘቡ ተመልሶ ቢመጣስ? ወይም ሒሳቡ ተዘግቶ ቢገኝ፣ ወይም ውሉ ላይ ቁጥር ባይኖርና አከራዩ ሊሰጣችሁ ባይፈልግ? ያኔ ቀጣዩ ነገር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ስል ረጅም የሕግ ቃል የተሞላ ጽሑፍ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«በመካከላችን ባለው የኪራይ ውል መሠረት የጥር ወር 2017 ዓ.ም. ኪራይ ብር 12,000 (አሥራ ሁለት ሺህ) በውሉ ቀን ባቀርብልዎትም አልተቀበሉኝም። ገንዘቡ ዛሬም ዝግጁ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረስዎት በአምስት ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲቀበሉኝ፣ ወይም የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ለማስቀመጥ የምገደድ መሆኔን አሳውቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርም። አይፈርምም፣ እናውቃለን። እንግዲያው ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እነርሱ ባሉበት አቅርቡ፣ እምቢ ካለ በእናንተ ቅጂ ጀርባ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ቀርቦላቸው አልቀበልም ብለዋል» ብለው ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙ። ምስክሮቹ ዘመዶቻችሁ ባይሆኑ ይሻላል። የዕድር ዳኛ፣ የጎረቤት ሽማግሌ፣ የግቢው ሌላ ተከራይ ይሁኑ። በፖስታ ቤት በአደራ ልኮ ደረሰኙን መያዝም ይቻላል። በስልክ መልእክት መላክ ተጨማሪ ነው እንጂ ይህን አይተካም።

ሽማግሌ ከገባ ደስ ይላል። እኔም በሽማግሌ የተፈቱ ብዙ የኪራይ ጠቦች አውቃለሁ። ነገር ግን ሽምግልናው ቀኑን አያቆምም። «እስኪስማሙ ድረስ አትክፈል» የሚል ሽማግሌ ካጋጠማችሁ በአክብሮት እምቢ በሉ። ሽምግልናው እየሄደ ኪራዩም እየሄደ ይሁን።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ እንግባ፣ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነውና። ፍትሐ ብሔር ሕጋችን (1952) ባለ ገንዘቡ ያለ በቂ ምክንያት አልቀበልም ሲል፣ ወይም ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል እርግጠኛ መሆን ሳይቻል፣ ባለ ዕዳው የሚከፍለውን በፍርድ ቤት አስቀምጦ ከጥፋት የሚድንበትን መንገድ ከፍቷል። ይህ ማለት ከአከራይ ጋር ጦርነት መክፈት አይደለም። «ገንዘብዎ እዚህ አለ፣ በፈለጉ ጊዜ ይውሰዱ» ማለት ነው፣ መንግሥት ምስክር ሆኖ።

በተግባር እንዲህ ነው የሚሄደው። ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ ላለ ፍርድ ቤት አቤቱታ ታቀርባላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ቤት ከሆነ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አከራዩን ተጠሪ ታደርጋላችሁ። ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ወር እንደቀረበና እንዴት እምቢ እንደተባላችሁ ባጭሩ ትጽፋላችሁ። የውሉን ኮፒ፣ የደብዳቤውን ቅጂ፣ ተመልሶ የመጣ ዝውውር ካለ መግለጫውን፣ የምስክሮቹን ዝርዝር ታያይዛላችሁ። በመጨረሻ «ገንዘቡን በፍርድ ቤቱ እንዳስቀምጥ ይታዘዝልኝ» ትላላችሁ። ትእዛዙ ሲወጣ ገንዘቡን ትከፍላላችሁ፣ ሞዴል 85 የሚባለውን የተቀማጭ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ ኮፒውንም ከመዝገቡ ጋር ታስያይዛላችሁ። የመጀመሪያው ደረሰኝ እጃችሁ ላይ ይቅር። እጄ ላይ ከሁለቱ ባዶ ፖስታዎች ይልቅ ይህች አንዲት ወረቀት ብትኖር ኖሮ ዳኛው ጥያቄያቸውን ሲጠይቁኝ አንገቴን አልደፋም ነበር።

ሦስት ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንደኛ፣ የአንድ ወር ማስቀመጥ የሚቀጥለውን ወር አይሸፍንም። እምቢታው ከቀጠለ በየወሩ፣ በውሉ ቀን፣ በዚያው መዝገብ ማስቀመጥ አለባችሁ። ከአቤቱታችሁ ጋር «ቀጣዮቹንም ወራት እያስቀመጥኩ እንድቀጥል» ብላችሁ ብትጠይቁ በየወሩ ከመመላለስ ትድናላችሁ። ሁለተኛ፣ ያስቀመጣችሁትን መልሳችሁ ብታወጡት እንዳላስቀመጣችሁ ነው። ችግር ሲመጣ እጅ ወደዚያ ይሄዳል፣ እኔ አውቀዋለሁ። ሦስተኛ፣ አከራዩ ቀድሞ ከሷችሁ ከሆነ አዲስ አቤቱታ አያስፈልግም። በመልሳችሁ ላይ ኪራዩ ዝግጁ መሆኑን ገልጻችሁ በዚያው መዝገብ ለማስቀመጥ ጠይቁ። መጥሪያው ላይ ያለውን የቀጠሮ ቀን ግን በምንም ምክንያት አታሳልፉ።

ከእምቢታ የሚከፋ ሌላ ነገርም አለ። ብዙ ሰው ኪራይ ሲጠይቃችሁ። አከራዩ ሞቶ ልጆቹ ተጣልተው ታላቁም ታናሹም «ለእኔ ክፈል» ቢሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ባልና ሚስት ሲፋቱ ሁለቱም ሒሳብ ቁጥር ይልካሉ። አንድ የማታውቁት ሰው መጥቶ «ቤቱን ገዝቼዋለሁ» ይላል፣ የቀድሞው ባለቤት ደግሞ «ገና አልሸጥኩም» ይላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ በውክልና የሚሰበስበው ዘመድ ውክልናው ተሽሮበት ይሆናል፣ እናንተ ግን አታውቁም። እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ያሉ ነገሮች ናቸው፣ በተለይ ባለቤቶቹ አሜሪካ ወይም አውሮፓ በሚኖሩባቸው ግቢዎች።

ሕጉ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። መቀበል ለማይገባው ሰው የከፈለ በመርሕ ደረጃ እንደከፈለ አይቆጠርም። እውነተኛው ባለ መብት በኋላ መጥቶ «የእኔን አልከፈልክም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ጩኸቱ ለበዛው አትክፈሉ። የሚጠይቃችሁ ሰው ማስረጃ ያሳያችሁ። ወራሽ ነኝ የሚል የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ገዢ ነኝ የሚል በስሙ የዞረ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውል፣ ወኪል ነኝ የሚል ያልተሻረ የውክልና ሰነድ ያምጣ። ውክልናው ኪራይ የመሰብሰብ ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑን አንብቡት፣ «ቤቱን ለመሸጥ» ብቻ የተሰጠ ውክልና አለና። ማስረጃው ካልጠራላችሁ ያ የፍርድ ቤት ተቀማጭ ለዚህ ሁኔታ ከሁሉም ይስማማል። ገንዘቡን አስቀምጡ፣ የሚጠይቁትን ሁሉ ተጠሪ አድርጉ፣ እነርሱ እርስ በርሳቸው ይከራከሩ።

ስለ ዋጋ ጭማሪ ባጭሩ። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው በወረዳ ነው። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። አከራዩ በፈለገው ዋጋ ጨምሮ የቀድሞውን አልቀበልም ካለ፣ የቀድሞውን ሙሉውን አስገቡ ወይም አስቀምጡ፣ ወረዳውም ላይ አቤት በሉ። ይህ የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ ወይም ቢሮ የተከራያችሁ በአዋጁ አትሸፈኑም፣ እናንተን የሚገዛችሁ ውላችሁና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ላስጠንቅቅ። አከራዩ «ለወረዳ የሚቀርበው ውል ላይ አምስት ሺህ እንጻፍ፣ እኛ ግን በአሥራ ሁለት እንነጋገር» ሲል ብዙ ተከራይ ይስማማል። ቤት ማግኘት ራሱ ጭንቅ ስለሆነ አልፈርድም። ግን አንድ ቀን እምቢታ ሲመጣ ችሎት ላይ የምታሳዩት ወረቀትና በባንክ የላካችሁት ብር አይገጥሙም። አምስት ሺህ ብታስቀምጡ «ጎዶሎ ነው» ትባላላችሁ፣ አሥራ ሁለት ብታስቀምጡ ወረቀቱ አይደግፋችሁም። አከራዩ ከግብር ሲያመልጥ እናንተ ከማስረጃ ታመልጣላችሁ። አትስማሙ።

እምቢታው በመቁረጥ ከታጀበ፣ ማለትም ውኃ ከተዘጋ፣ መብራት ከተቋረጠ፣ የግቢው ቁልፍ ከተቀየረ፣ ዕቃችሁ ሜዳ ላይ ከወጣ፣ ኪራይ አልተከፈለም የሚለው ክርክር ለዚህ ሰበብ አይሆንም። ያለ ፍርድ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት አይቻልም። በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ፣ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡ፣ ፍርድ ቤትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ መመሥረት ይቻላል። ይህ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። ሕፃንና በሽተኛ ያለበት ቤት ከሆነ ይህንን በአቤቱታው ግልጽ አድርጉት፣ ዳኛው እስኪወሰን ድረስ ውኃውና መብራቱ እንዲለቀቅ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው አለ፣ አብዛኛው ተከራይም ይኸው ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዘንድ መሄድ ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያ የመክፈል አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ እንዲታይለት መጠየቅም ይችላል። ስትሄዱ ውሉን፣ የባንክ መግለጫውን፣ የደብዳቤውን ቅጂና የምስክሮቹን ስም በአንድ ፖስታ ይዛችሁ ሂዱ። ፖስታው ባዶ አይሁን።